ሻንጣውን ያልፈታው አጥቂ



ዛሬ ከአንድ ሌሊት እንጀምር። ሰኔ 25 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱም ዓርብ። ክረምቱ ገብቷል። ዝናቡ የሰፈራችንን ዲኤስቲቪ ቤት ቆርቆሮ ይደበድባል፤ እኛ ደግሞ የመግቢያችንን ከፍለን አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀምጠናል። ጨዋታው የጀመረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጋና ከኡራጓይ፣ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ጆሃንስበርግ ሶከር ሲቲ ስታዲየም። በአፍሪካ ምድር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ የቀረን ቡድን ጋና ብቻ ነበር። ሳምንት ቀደም ብሎ የናይጄሪያ፣ የካሜሩን፣ የአይቮሪ ኮስት ደጋፊ ነኝ ሲል የነበረ ሁሉ በዚያች ሌሊት ጋናዊ ሆኗል።

የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የጋናው ሙንታሪ ለእረፍት ሊወጣ ሲል ከሩቅ አክርሮ መታና አስቆጠረ። የኡራጓዩ ፎርላን በቅጣት ምት አቻ አደረገ። ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩት ወደ ግብ ትገባ የነበረችውን ኳስ የኡራጓዩ ሱዋሬዝ የግቡ መስመር ላይ ቆሞ በእጁ መለሳት። ቀይ ካርድ፣ ፍጹም ቅጣት ምት። ለጋና አሳሞአ ጂያን መታ፤ ኳሷ አግዳሚውን ነካችና ወጣች። በእኛ ቤት የተሰማው ድምፅ ጩኸት አልነበረም፤ የሆነ ሰው ሆዱን የተመታ ያህል የሚወጣ ትንፋሽ ነበር።

ከዚያ መለያ ምት መጣ። ከጋና ሁለቱ በረኛው ሙስሌራ እጅ ላይ ቀሩ። ከኡራጓይ አንዱ ወደ ሰማይ ሰቀላት። ለኡራጓይ የመጨረሻዋን ሊመታ የመጣው ተቀይሮ የገባ፣ ጸጉሩን ያስረዘመ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 የሆነ ሰው ነው፤ ጀርባው ላይ 13 ቁጥር ተጽፏል። ካገባ ጋና ወጣች። ተንደርድሮ መጣና ኳሷን ከሥሯ ነካ አደረጋት። አልመታትም፤ ነካ ነው ያደረጋት። በረኛው ኪንግሰን ወደ ጎን ወድቋል፤ ኳሷ ደግሞ እንደ ቅጠል ተንሳፍፋ በመሀል ገባች። ከኋላዬ የነበረ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ «ይሄ ሰውዬ እብድ ነው እንዴ!» አለ።

ሰውየው ሳያውቀው ስሙን ነበር የጠራው። ሴባስቲያን አብሬኡን የአገሩ ሰው የሚያውቀው «ኤል ሎኮ» በሚል ቅጽል ነው፤ በስፔን ቋንቋ «እብዱ» ማለት ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ እሱ ነው። ስለዚያች አንዲት ኳስ ብቻ አይደለም። አብሬኡ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ከቺሊው ክለብ ከአውዳክስ ኢታሊያኖ ጋር ሲፈራረም ለ26ኛ ክለቡ ነበርና ስሙ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈረ። ሲያቆም ከ30 በላይ ክለቦች፣ በ11 አገሮች ተጫውቷል። ስሙን ስጽፍ ሁልጊዜ ፈገግ የሚያደርገኝ ነገር አለ፤ «አብሬኡ» በእኛ ጆሮ «አብረው» ይመስላል። የትም ቦታ አብሮ ያልቆየ ሰው በዚህ ስም መጠራቱ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ይህን ያህል ክለብ የቀያየረ ሰው ስናይ ቶሎ የምንለው «አርፎ መቀመጥ የማይችል ነው» ነው። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የሄደባቸውን ክለቦች በየዓመቱ ደርድሬ ሳይ ግን ጉዞው አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ አገኘሁት። በመጀመሪያው ጉዞ ሰውየው ይላካል። በሁለተኛው ራሱ ይሄዳል። ሁለቱን ለመለየት የእግር ኳስ ዝውውር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው የትምህርት ዝግጅታችን ውስጥ ያስገባሁት።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኡራጓይ በአርጀንቲናና በብራዚል መካከል የተሸጎጠች ትንሽ አገር ናት። ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሕዝብ እምብዛም አይርቅም። ከሰው ይልቅ የቀንድ ከብት ይበዛባታል። ይህች አገር ናት እንግዲህ በ1930 እና በ1950 የዓለም ዋንጫን የወሰደችው። ከብቷን ወደ ውጭ እንደምትሸጥ ሁሉ ተጫዋችም ትሸጣለች፤ ይህን ስል ማሽሟጠጤ አይደለም። የአገሪቱ ሊግ ትንሽ ነው፣ የቲቪ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ክለቦቹ በጀታቸውን የሚሞሉት ባሳደጉት ልጅ ሽያጭ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ እዚያ በ18 ወይም በ19 ዓመቱ ጎል ማግባት ሲጀምር ደጋፊው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስባል። ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ መሄዱን ያሰላስላል።

አብሬኡ የተወለደው ሚናስ በምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ በጥቅምት 1976 ነው። በልጅነቱ ቅርጫት ኳስም ይጫወት ነበር። ለአየር ላይ ኳስ የነበረውን ጊዜ አጠባበቅ ያየ ሰው ይህን ቢሰማ አይገርመውም፤ ሌላው ገና ሲያንጋጥጥ እሱ ዘሎ ይጠብቃል። በዋና ከተማይቱ በሞንቴቪዴኦ በዴፌንሶር ክለብ ጀመረ፣ ወደ ቦነስ አይረሱ ሳን ሎሬንሶ ተሻገረ፣ በ1998 መጀመሪያ ደግሞ የስፔኑ ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ገዛው። ገና 21 ዓመቱ ነው። ለኡራጓይ ልጅ ይህ መንገዱ ተጠርጎ ያለቀ ያህል ነበር።

አላለቀም። ዴፖርቲቮ ያኔ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ በስፔን ለዋንጫ የሚፎካከር ክለብ ነበር። ፊት መስመሩ ላይ ፓውሌታ መጣ፣ ሮይ ማካይ መጣ፣ ቀጥሎ ዲዬጎ ትሪስታን መጣ። አብሬኡ ጥቂት ጎሎች ብቻ አግብቶ ነበር፤ ቦታ አልነበረውም። ክለቡ ግን ገንዘብ አውጥቶበታልና ዝም ብሎ አይለቀውም። እዚህ ላይ ነው «ውሰት» የሚባለው ነገር የሚመጣው።

ውሰት ስንል ቃሉን ከቤታችን ነው ያመጣነው። ድግስ ሲኖር ከጎረቤት ትልቅ ድስት እንዋሳለን፤ ድግሱ ሲያልቅ አጥበን እንመልሳለን። ድስቱ የማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። በኳሱም እንዲሁ ነው። የባለቤቱ ክለብ ውል እንደጸና ይቆያል፤ ተዋሹ ክለብ ለተወሰነ ጊዜ ይጠቀምበታል፤ ደመወዙን እንደ ስምምነቱ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል ወይ ይጋራል። አንዳንዴ «ከወደድነው በዚህ ዋጋ እንገዛዋለን» የሚል አንቀጽ ይገባል። ባለቤቱ የሚያገኘው ጥቅም ሁለት ነው፤ የማያጫውተውን ሰው ደመወዝ ከትከሻው ያወርዳል፣ ልጁ እዚያ ጎል ካገባ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ድስቱ ግን አይጠየቅም። ተጫዋቹ በሕጉ መስማማት አለበት፤ እውነት ነው። ሆኖም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመክረምና ከመሄድ ምረጥ ሲባል ምን ያህል ምርጫ ነው?

ስለዚህ አብሬኡ ከዴፖርቲቮ ወደ ብራዚሉ ግሬሚዮ ተላከ። ወደ ሜክሲኮው ቴኮስ ተላከ። ወደ ሳን ሎሬንሶ ተመለሰ፤ በ2001 ከእነሱ ጋር የአርጀንቲናን ሻምፒዮና ወሰደ። ወደ ኡራጓዩ ናሲዮናል ሄደ፤ ይኼኛው ከልጅነቱ የሚደግፈው ክለብ ነው፣ ስለዚህ ይህችን መላክ ቅጣት ልንላት አንችልም። ከዚያ ወደ ሜክሲኮው ክሩስ አሱል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ወረቀቱ ላይ የዴፖርቲቮ ሰው ነው። በ2000 ዴፖርቲቮ በታሪኩ ለመጀመሪያና እስካሁን ለመጨረሻ ጊዜ የስፔን ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን፣ የላ ኮሩኛ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር፣ አብሬኡ ሜክሲኮ ነበር። ክለቡ ዋንጫ አነሣ፤ እሱ በቴሌቪዥን ይሁን በስልክ ሰማ።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሳላዲን ሰኢድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ ለግብጹ ዋዲ ደግላ ሲጫወት ቆይቶ ቤልጂየም ለሊርስ የተሰለፈበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ያኔ ሁለቱ ክለቦች ባለቤታቸው አንድ ግብጻዊ ባለሀብት ነበር። ኋላም ወደ አል አህሊና ወደ አልጄሪያው ኤም ሲ አልጀር ሄዷል። የኛ ሰው «ሳላዲን ቤልጂየም ገባ» ብሎ ተደሰተ፤ ከበስተጀርባው የአንድ ቤት ሁለት ክፍሎች መኖራቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አላለም።

ወደ ሜክሲኮ እንመለስ፤ ምክንያቱም የአብሬኡ ጉዞ ለምን ይህን ያህል ጣቢያ እንደበዛበት የሚገልጸው የሜክሲኮ ሊግ ነው። እኛ በለመድነው በእንግሊዝ ሊግ አንድ ዓመት አንድ ሻምፒዮን ነው። በሜክሲኮ ግን ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «አፔርቱራ» ማለትም መክፈቻ፣ ሌላው «ክላውሱራ» ማለትም መዝጊያ ይባላል። እያንዳንዱ የራሱ ሻምፒዮን አለው። በአርጀንቲናም በዚያ ዘመን እንዲሁ ነበር። ውድድሩ ስድስት ወር ከሆነ የክለቡም ትዕግሥት ስድስት ወር ነው። አሰልጣኙ በአራተኛ ወሩ ይባረራል፤ አዲሱ ሲመጣ «ጎል የሚያገባ አምጡልኝ» ይላል። ጎል የሚያገባ፣ ከዚህ ቀደም እዚህ አገር ያገባ፣ ለመልመድ ጊዜ የማይፈልግ። አብሬኡ በ2002 በክሩስ አሱል ማልያ በአንድ አጭር ውድድር 19 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ስልኩ አላረፈም፤ አሜሪካ የሚባለው ትልቁ ክለብ፣ ዶራዶስ፣ ሞንቴሬይ፣ ሳን ሉዊስ፣ ቲግሬስ።

ዶራዶስ ላይ ትንሽ ልቁም። ኩሊያካን በምትባል ሞቃት ከተማ ያለ ትንሽ ክለብ ነው። በ2006 መጀመሪያ አንድ መላጣ፣ ዕድሜው የገፋ የመሀል ተጫዋች መጣላቸው፤ ፔፕ ጋርዲዮላ ይባላል። የመጨረሻ ክለቡ ነው። የመጣው አሰልጣኙን ሁዋን ማኑኤል ሊዮን ብሎ ነው፤ ሊዮ በኋላ በማንቸስተር ሲቲ የጋርዲዮላ ረዳት የሆነው ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያን ጊዜ በዚያ ክለብ ልምምድ ሜዳ ላይ ጋርዲዮላ ኳስ ያቀብላል፣ አብሬኡ ሳጥን ውስጥ ይጠብቃል። ሆኖም ዶራዶስ በዚያው ዓመት ወረደ። ለምን ቢባል፣ በሜክሲኮ መውረድ የሚወሰነው በዚያ ዓመት ነጥብ ብቻ ሳይሆን ያለፉት ዓመታት ነጥብ በጨዋታ ብዛት ተካፍሎ በሚገኘው አማካይ ነበርና ነው። ዘንድሮ ብትበረታ የአምና ዕዳ ይከተልሃል። ዛሬ ጋርዲዮላን የምናውቀው በዋንጫ ብዛት ነው፤ በጫማው የተጫወተው የመጨረሻ ክለብ ግን ወራጅ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዴፖርቲቮ ጋር የነበረው ቁርኝት ካበቃ በኋላም አብሬኡ አልተቀመጠም። በ2008 በሪቨር ፕሌት፣ በዲዬጎ ሲሞኔ አሰልጣኝነት፣ ከወጣቶቹ ከፋልካኦና ከአሌክሲስ ሳንቼዝ ጋር የአርጀንቲናን ክላውሱራ ወሰደ። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ቤይታር፤ ሙቀቱን እንኳ ሳይለምደው ተመለሰ። ከዚያ በስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን የነበረው ሪያል ሶሲዬዳድ፤ ከዚያ የግሪኩ አሪስ። እነዚህን በፍጥነት ያለፍኳቸው እሱም በፍጥነት ስላለፋቸው ነው።

ግን ግሪክ ሳለ አንድ ነገር ሆነ። ኡራጓይ ለ2010ሩ የዓለም ዋንጫ በቀጥታ ማለፍ አቅቷት ከኮስታ ሪካ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ገጥሟታል። በመጀመሪያው ሳን ሆሴ ላይ 1 ለ 0 አሸንፋለች። በኅዳር 2009 ሞንቴቪዴኦ ላይ በተደረገው መልስ ጨዋታ ውጤቱ 1 ለ 1 ነበር፤ የኡራጓይን ጎል ያገባው አብሬኡ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱት 32 ቡድኖች የመጨረሻውን በር ገፍታ የገባችው ኡራጓይ ነበረች። ስለዚህ የጋናን ልብ የሰበረው ሰው ኡራጓይ እዚያ እንድትደርስም እጁ ነበረበት።

የዓለም ዋንጫው ከመድረሱ በፊት ብራዚል ሄደ፤ የሪዮ ዴ ጄኔሮው ቦታፎጎ። ሚያዝያ 2010 በማራካና ስታዲየም ከፍላሜንጎ ጋር በሚደረግ የሪዮ ሻምፒዮና ወሳኝ ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። አብሬኡ ቀረበ፤ ኳሷን ከሥሯ ነካ አደረጋት፤ ተንሳፍፋ አግዳሚውን ነክታ ገባች። ቦታፎጎ 2 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ጆሃንስበርግ ላይ ከሆነው ሁለት ወር ተኩል በፊት ነው። እኛ ዲኤስቲቪ ቤት የደነገጥነው ሪዮን ስላላየን ነው።

ይህ አመታት «ፓኔንካ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከቼኮዝሎቫኪያው አንቶኒን ፓኔንካ ነው፤ በሰኔ 1976 ቤልግሬድ ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻዋን መለያ ምት በምዕራብ ጀርመኑ በረኛ በሴፕ ማየር ላይ እንዲህ አግብቶ ዋንጫውን ወሰደ። አብሬኡ የተወለደው ከዚያ አራት ወር ቆይቶ ነው። ለምን ይሠራል? ከነጥቡ እስከ ግቡ መስመር 11 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተመታ ኳስ ይህን ርቀት በ0.4 ሰኮንድ ይጨርሳል። በረኛ ኳሷ ከእግር ስትለቅ አይቶ ልነሣ ቢል አይደርስባትም፤ አስቀድሞ መገመትና መውደቅ አለበት። ሲወድቅ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ፓኔንካ የምትመታው ያን ባዶ ነው። ችግሩ በረኛው ካልወደቀ ነው። ቆሞ ከጠበቃት በሁለት እጁ እንደ ዳቦ ነው የሚቀበላት፤ ያን ጊዜ መቺው ተሳስቷል አይባልም፣ ቀልዷል ነው የሚባለው። ከባድ ምት የሳተ ሰው ይታዘንለታል፤ ፓኔንካ የሳተ ሰው አገሩ አይገባም።

84 ሺህ ሕዝብ ባለበት ስታዲየም፣ ቩቩዜላ ጆሮ በሚበሳበት፣ አገሩ ከ1970 በኋላ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አይታ በማታውቅበት ሰዓት ይህን የሚያደርግ ሰው እብድ ነው ቢባል አይፈረድም። እኔ ግን ሒሳብ ይመስለኛል። ይህ ሰው በዚያ ጊዜ በሰባት አገሮች ሊጎች የተጫወተ ነው። ስንት በረኛ ሲወድቅ አይቷል! በአዲስ ክለብ በመጀመሪያው ሳምንት የማያውቀው ሕዝብ ፊት ቆሞ ጎል ካላገባ ሻንጣውን እንደገና እንደሚሸክም ለሚያውቅ ሰው፣ ሶከር ሲቲም ሌላ የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ኡራጓይ በዚያ ውድድር አራተኛ ወጣች፤ በዓመቱ በ2011 ደግሞ አብሬኡን ይዛ ኮፓ አሜሪካን ወሰደች። ለብሔራዊ ቡድኑ በ70 ጨዋታ 26 ጎል አለው።

ሁለተኛው ጉዞ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዕድሜው 35 አልፏል፤ ባለቤት ክለብ የለውም፤ ማንም አይልከውም። ውሉ ሲያልቅ ነጻ ነው። ነጻ ተጫዋች ሲንቀሳቀስ የዝውውር ገንዘብ አይከፈልም፤ ክለቡና እሱ በደመወዝ ከተስማሙ በቃ። በአውሮፓ ይህን መብት ያረጋገጠው በታኅሣሥ 1995 ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ የቤልጂየም ተጫዋች በፍርድ ቤት ያሸነፈው ክስ ነው፤ ከዚያ በፊት ውሉ ያለቀበት ተጫዋች እንኳ ክለቡ ገንዘብ ካልተከፈለው ሊታሠር ይችል ነበር። አብሬኡ በነጻነቱ የሄደባቸውን ተመልከቱ፦ እንደገና ናሲዮናል፣ የኢኳዶሩ አውካስ፣ የፓራጓዩ ሶል ደ አሜሪካ፣ የኤል ሳልቫዶሩ ሳንታ ቴክላ፣ የሪዮው ባንጉ፣ የቺሊዎቹ ፑዌርቶ ሞንትና አውዳክስ። ኤል ሳልቫዶር ላይ በ40 ዓመቱ ሻምፒዮን ሆኗል።

አንዳንዶች ይህን ሁለተኛውን ጉዞ ቀልድ ይሉታል። ለክብረ ወሰን ሲባል የተጠራቀመ ማልያ ነው፤ ክለቦቹም የፈረሙት ለማስታወቂያ ነው ይላሉ። ትንሽ እውነት አለው። ክብረ ወሰኑን የያዘው ቀድሞ የጀርመኑ በረኛ ሉትስ ፕፋነንሽቲል ነበር፤ 25 ክለብ፤ አብሬኡ 26ኛውን ሲፈርም ጋዜጠኛው ሁሉ ካሜራ ይዞ ነበር የቆመው። ግን 41 ዓመት ሞልቶት ጠዋት ልምምድ የሚወጣ አጥቂ ተከላካዮቹ ይራሩለታል ብሎ የሚያስብ ካለ አንድ ቀን ከ20 ዓመት ጎረምሳ ጋር ለአየር ኳስ ይዝለል።

ለአድማጮቻችን፣ በተለይ በየሰፈሩ የታዳጊ ፕሮጀክት ለምታሠለጥኑ፣ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያያዝ አንድ የገንዘብ ጉዳይ ላንሣ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 ከመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጁ የ12፣ የ13፣ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ለያዘው ክለብ በዓመት ከዋጋው 0.25 ከመቶ፤ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 ከመቶ ነው። እንበልና ከ13 እስከ 18 ዓመቱ እናንተ ጋር የነበረ ልጅ በኋላ አንድ የውጭ ክለብ በ1 ሚሊዮን ዶላር ለሌላ አገር ክለብ ሸጠው። ድርሻችሁ 22 ሺህ 500 ዶላር ነው። ከእናንተ ከሄደ ስድስት ዓመት ቢሆነውም፣ አሰልጣኙ ቢቀየርም፣ ድርሻው አይጠፋም። የሚጠፋው ልጁ በፌዴሬሽን ካልተመዘገበ ነው። ፊፋ የሚያየው የተጫዋች ፓስፖርት የሚባለውን ሰነድ ነው፤ በየትኛው ወቅት የት ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ወረቀት። በቃል «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ማለት የትም አያደርስም። እና ልብ በሉ፣ ተጫዋች በውል ተይዞ ሳለ ሲሸጥ ላሳደገው ክለብ የሚተርፍ ነገር አለ፤ አብሬኡ በሁለተኛው ጉዞው በነጻ ሲዘዋወር ግን አምስት ከመቶ የሚቀነስለት ዋጋ የለም። ዜሮ ተካፍሎ ዜሮ ነው።

አንድ ጥያቄ በስልክ ደርሶናል፤ «አንድ ሰው በዓመት እንዲህ ክለብ መቀያየር ይፈቀድለታል ወይ?» የሚል። ገደብ አለው። በአንድ የውድድር ዘመን ቢበዛ ለሦስት ክለብ ሊመዘገብ፣ በይፋዊ ጨዋታ ግን ለሁለት ብቻ ሊሰለፍ ይችላል። የአንዱ አገር ዘመን በጥር፣ የሌላው በነሐሴ የሚጀምርበት ሁኔታ ሲኖር ለየት ያለ አያያዝ አለው፤ በደቡብ አሜሪካና በአውሮፓ መካከል ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀዳዳ አስፈላጊ ነበር። ውሰትንም ከ2022 ጀምሮ ፊፋ ጠበቅ አድርጎታል፤ አንድ ውሰት ከአንድ ዓመት አይበልጥም፣ የተዋሰውን ተጫዋች መልሶ ለሦስተኛ ክለብ ማዋስ ተከልክሏል፣ ክለቦች ወደ ውጭ የሚያውሱት የጎልማሳ ተጫዋች ቁጥርም ተገድቧል። እንደ አብሬኡ የመጀመሪያ ዓመታት ዓይነት ጉዞ ዛሬ ቢሆን ወረቀቱ በየዓመቱ አዲስ ይጠየቅ ነበር።

አብሬኡ ጫማውን የሰቀለው በሰኔ 2021፣ በ44 ዓመቱ፣ በሞንቴቪዴኦው ሱድ አሜሪካ ክለብ ነው። ያኔ አብረውት ልምምድ ከሚሠሩት መካከል እሱ ለላ ኮሩኛ ሲፈርም ገና ያልተወለዱ ነበሩ። ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ። ፔሩ ላይ፣ በገጣሚው ሴሳር ቫዬሆ ስም የተሰየመውን የዩኒቨርሲቲ ክለብ አሠልጥኗል፤ ወደ ሜክሲኮም፣ ወደዚያው ወደ ዶራዶስ፣ በአሰልጣኝነት ተመልሶ ነበር። በየጥር ወሩና በየሐምሌው የዝውውር መስኮት ሲከፈት የትኛው ወጣት አጥቂ ይቆይ፣ የትኛው በውሰት ይሂድ ሲባል የሚጠየቀው እሱ ሆነ።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነበር። ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ቴክኒክ የጻፋችሁልን የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች፣ ሳምንት የእናንተን ጥያቄ ይዘን እንመለሳለን፤ በረኛው ምን ማድረግ ይችላል የሚለውንም አንረሳም።